መለኪያውንስ ማን ይለካዋል?

(በፀዳ በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)




ስለ መለኪያ መሣሪያዎችና ስለ ሴንሰር አንድ ነገር እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ። ወዲያው ግን ፍርሃት ያዘኝ። የምሕንድስና ተማሪ ስለ ሴንሰር ሲናገር ሰሚዎቹ የሚጠብቁት ሽቦና ባትሪ፥ ቁጥርና ቀመር ነው። እኔ ግን ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ ሽቦው አይደለም። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ባጭሩ ልግለጸው። መለኪያ ማለት ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የቆመበት ቦታ፥ የሚነበብበት ሰዓት፥ የሚያነበው ሰው፥ የሚጻፍበትም ወረቀት የመለኪያው አካል ናቸው። ከነዚህ አንዱ የጎደለ እንደሆነ፥ ዕቃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፥ የሚሰጠን ቁጥር ያሳስተናል። ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ስለ ሆነ፥ ጥፋቴንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ልነሣ። ከመካከላችን ከእናቱ ጋር ገበያ ያልወጣ የለም። አንዲት እናት ጤፍ በቁና ስትገዛ በመጀመሪያ የምታየው ጤፉን ሳይሆን ቁናውን ነው። አፉ ጠቦ፥ ታቹ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ አገላብጣ ትመረምረዋለች። ቀጥላም «ተቆልሎ ነው ወይስ ተደልድሎ?» ብላ ትጠይቃለች። በሚሰፈርበትም ጊዜ ዓይኗን ከሰፋሪው እጅ ላይ አታነሣም። እንግዲህ ይህች እናት ሦስት ነገር ዐውቃለች ማለት ነው። መለኪያው ራሱ መመርመር አለበት፤ የአሰፋፈሩ ደንብ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ሰፋሪውም መታየት አለበት። መምህሮቻችን ካሊብሬሽን፥ የአለካክ ሥርዓትና የአንባቢ ስሕተት እያሉ የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፥ እናታችን የማትረሳውን እኛ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በእጃችን ሲገባ እንረሳዋለን።

ስለ ቦታ በመናገር ልጀምር። በመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴ፥ ቴርሞሜትር ትክክል መሆኑን የምናረጋግጠው አንድ ጊዜ በሚቀልጥ በረዶ፥ አንድ ጊዜ በሚፈላ ውሃ ውስጥ በመንከር እንደሆነ ተማርሁ። በበረዶው 0፥ በሚፈላው ውሃ 100 ዲግሪ ማሳየት አለበት። እኔም ይህንኑ ብሞክር በበረዶው በትክክል 0 አሳየ፤ በሚፈላው ውሃ ግን ከ93 አላልፍ አለ። በደብተሬም «መሣሪያው የ7 ዲግሪ ስሕተት አለው» ብዬ ጻፍሁ። ስሕተቱ ግን የእኔ ነበር። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። እኛ ያለንበት አገር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ወደ ላይ ሦስት መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ደባርቅ ቢሆን ከ91 በታች፥ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ቢሆን ወደ 85 ዲግሪ ይሆን ነበር። ባለፈው መቶ ዓመትና ከዚያም በፊት የነበሩ መንገደኞች የተራራን ቁመት የሚያውቁት ውሃ አፍልተው ሙቀቱን በመለካት እንደ ነበረ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ቴርሞሜትሩ እውነቱን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን የቆምሁበትን አገር ረስቼ ሐሰተኛ አደረግሁት።

ይህ የተማሪ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲያችን የተነሣው በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነውና፥ ከመካከላችሁ ያላችሁ የጤና ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። የሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ ተሕዋስያንን እንዲገድል 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። በብዙ መጻሕፍት የተጻፈው፥ የግፊቱ መለኪያ በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ሲያሳይ ሙቀቱ 121 ደርሷል የሚል ነው። ይህም ለባሕር ወለል እውነት ነው። የግፊት መለኪያው መርፌ የሚያሳየው ግን የውስጡን ግፊት በሙሉ ሳይሆን በውስጡና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። እዚህ የውጭው አየር ስለ ቀለለ፥ መርፌው 15 ላይ ሲቆም የውስጡ ሙቀት ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው። 121 ለማድረስ መርፌው ወደ 18 መጠጋት አለበት። መርፌው አልዋሸም፤ አሠሪው መጽሐፍም አልዋሸም። ሁለቱን ያገናኘው ሰው ከፍታውን ሳይጠይቅ የቀረ እንደሆነ ግን ያልተቀቀለ መሣሪያ ተቀቅሏል ተብሎ ወደ በሽተኛው ይሄዳል። ስለዚህ ነው ሙቀቱን ራሱን በሙቀት መለኪያ ማየት የሚገባው።

አሁን ወደ ወንዝ ልውሰዳችሁ፤ ጥፋቴም ያለው ከዚያ ነው።

ዘንድሮ በጥር ወር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ለመመረቂያ ሥራችን የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ሠራን። አሠራሩ ቀላል ነው። ሴንሰሩ ከውሃው በታች ይቀመጣል፤ በላዩ ያለው ውሃ ሲጨምር ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ ምልክቱም በሠራነው ቀመር ወደ ሳንቲሜትር ይመለሳል። ከዚህ ብዙ በማይርቅ አንድ ወንዝ ውስጥ፥ በድንጋይ መካከል ባለ ኩሬ አኖርነው። በወንዙ ዳር የቆየ፥ ሳንቲሜትር የተሠመረበት የብረት ሰሌዳ አለ። ሰሌዳውን ጧት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት እያነበቡ በደብተር የሚጽፉ አንድ ሽማግሌም አሉ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ የሴንሰሩን ቁጥሮች ብናይ አንድ ተአምር አገኘን። በበጋ፥ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፥ ወንዙ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጧት በ4 ሰዓት ግድም ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ፤ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ዝቅ፤ ማታ በ4 ሰዓት እንደገና ከፍ፤ ሌሊት በ10 ሰዓት ዝቅ። ሰዓቱን አያዛንፍም። እኛም ደስ አለን። በላይኛው አገር የመስኖ ውሃ የሚከፍቱና የሚዘጉ ገበሬዎች ይኖራሉ ብለን ሁለት ገጽ ሙሉ ማስረጃ የሌለው ማብራሪያ ጻፍን። ጽሑፉን ከማስረከባችን በፊት ግን ሽማግሌውን እንጠይቅ ተባባልን።

«አባባ፥ ይህ ወንዝ ጧት በአራት ሰዓት ይሞላል እንዴ?» አልኋቸው።

«ማን ነው ያለህ?»

«መሣሪያው ነው።»

«እስቲ መሣሪያህን ተወውና ድንጋዩን እየው፤» አሉኝ። «ወንዝ ሲሞላ ድንጋይ አይደብቅም፥ ልጄ።»

ከሳቸው ጋር ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተቀመጥን። በድንጋዩ ላይ ያለው የእርጥበት መሥመር ንቅንቅ አላለም። ሰሌዳውም ላይ ያለው ውሃ እንዲሁ። በስልኬ መስታወት ላይ ግን ወንዙ ሦስት ሳንቲሜትር ሞላ።

ምክንያቱን ኋላ ከመምህራን ጋር ሆነን ደረስንበት። ሴንሰሩ የሚሸከመው ውሃውን ብቻ አይደለም፤ ከውሃው በላይ ያለውንም አየር ሁሉ ይሸከማል። እንደኛ ባለ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር የአየሩ ግፊት በፀሐይ ሙቀት ምክንያት በቀን ሁለት ጊዜ፥ በ4 ሰዓት ግድም ይጨምራል፤ በ10 ሰዓት ግድም ይቀንሳል። ልዩነቱ ከጥቂት ሄክቶፓስካል አያልፍም። ነገር ግን አንድ ሄክቶፓስካል አንድ ሳንቲሜትር ውሃ ያህላል። ስለዚህ እኛ የለካነው ወንዙን ሳይሆን ሰማዩን ነበር። መድኃኒቱም ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሌላ አንድ ዓይነት ሴንሰር በአየር ላይ ሰቅሎ፥ የላይኛውን ከታችኛው መቀነስ ነው። ሆኖም መድኃኒቱን ከማግኘት በፊት በሽታውን ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ በሽታውንም ያሳወቁን ሽማግሌው ናቸው። በሴንሰር ሥራ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ይመስለኛል፦ አንድን ነገር በአንድ መሣሪያ ብቻ አትለካ፤ በሌላ መንገድ የሚመሰክር ሁለተኛ ምስክር ይኑርህ።

ሦስት ሳንቲሜትር ምንድር ነው የሚል ቢኖር ወደ ጣና ልምራው። የሐይቁ ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ይጠጋል። በዚህ ስፋት ላይ አንድ ሳንቲሜትር ማለት 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ሦስት ሳንቲሜትር የተሳሳተ ሰው 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ፈጠረ፥ ወይም አጠፋ ማለት ነው። ነፋስም ውሃውን ወደ አንዱ ዳር ስለሚገፋው፥ በጎርጎራ የተነበበውና በባሕር ዳር የተነበበው በአንድ ሰዓት ላይስማሙ ይችላሉ። በዐባይ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ በር እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራ ወዲህ፥ ይልቁንም 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኀይል ማመንጫ በ2010 ከተከፈተ ወዲህ፥ የሐይቁ ሳንቲሜትር የመብራትም፥ የጀልባም፥ የዓሣ አጥማጅም ጉዳይ ሆኗል።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። በዚያች ጧት ድንጋዩን እያየን ስንጫወት እንዲህ አሉን፦

«እናንተ የበጋውን ሦስት ጣት ውሃ ትፈልጋላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ የክረምቱ ነው። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ጎርፉ እዚህ የሚደርሰው ከመሸ ነው። ጧት በ12 ሰዓት ስመጣ ውሃው ወርዶ አገኘዋለሁ። ጭራሮውና ሣሩ ግን ከቁጥቋጦው ላይ፥ ከሰሌዳውም ራስ በላይ ተንጠልጥሎ ይቆየኛል። ደብተሩ የሚጠይቀኝ የጧቱን 12 ሰዓትና የማታውን 12 ሰዓት ነው። ለጭራሮው ቦታ የለውም።»

ጓደኞቼ፥ ይህን ንግግር በክፍላችን ግድግዳ ላይ ብጽፈው እወድ ነበር። ሰውየው ጎርፉ ስንት እንደ ደረሰ ያውቃሉ። ሰሌዳው ጤነኛ ነው፤ ንባቡም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲነበብ የተደነገገ መለኪያ፥ በጥቂት ሰዓት መጥቶ የሚሄደውን የደጋ ጎርፍ ከቶ አያየውም። ትልቁ ጎርፍ ያለፈው በሁለቱ ንባቦች መካከል ነው። እውነቱ በቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ ወረቀቱ ስላልጠየቀ ብቻ ሳይጻፍ ቀረ።

ቀጥለውም፥ «አምና በነሐሴ ታምሜ ዘጠኝ ቀን ተኝቼ ሳለሁ፥ በሕይወቴ አይቼው በማላውቀው ኀይል መጣና በዳሩ ታስረው ያደሩትን የጎረቤቴን ሁለት በሬዎች ይዞ ሄደ፤» አሉን።

ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። እነዚያን ዘጠኝ ቀኖች ዐውቃቸዋለሁና።

አምና በክረምት በአንድ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ገብቼ ነበር። የተሰጠኝም ሥራ የወንዝ ንባብ ደብተሮችን ወደ ሠንጠረዥ መገልበጥ ነበር። ከደብተሮቹ አንዱ የዚህ ወንዝ ነበር፤ በነሐሴም ዘጠኝ ቀን ባዶ ነበር። ከባዶው በፊት ያለው የቀን አማካይ 1 ሜትር ከ40፥ ከባዶው በኋላ ያለው 1 ሜትር ከ60 ነበር። እኔም ባዶ ሠንጠረዥ አያምርም ብዬ ልዩነቱን በዐሥር ከፈልሁና በየቀኑ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር እየጨመርሁ ዘጠኙን ቀን ሞላሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። መሥመሩ ለስላሳ ሆነ፤ ሠንጠረዡም አማረ። ሁለት በሬዎችን የወሰደው ጎርፍ ግን በእኔ ብዕር ጸጥ ያለ የሁለት ሳንቲሜትር ጭማሪ ሆኖ ተመዘገበ።

ይህ ጥፋት ምን እንደሚያስከትል ልናገር። ወንዝ የሚለካው በሁለት ደረጃ ነው። ሰሌዳው የሚያሳየው የውሃውን ከፍታ ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን በሰኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ አለፈ የሚለውን ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች እየሄዱ የውሃውን ፍጥነትና የወንዙን ወርድና ጥልቀት በተለያየ ከፍታ ይለካሉ፤ ከፍታንና የውሃ መጠንን የሚያዛምድ አንድ መሥመርም ያወጣሉ። በትልቅ ጎርፍ ጊዜ ወደ ወንዙ መግባት ስለማይቻል፥ የመሥመሩ ላይኛ ጫፍ ብዙ ጊዜ በግምት የተዘረጋ ነው። ጎርፉም የወንዙን ወለል ስለሚቆፍረው ወይም ስለሚሞላው፥ የአምናው መሥመር ለዘንድሮ ላይሆን ይችላል። እንግዲህ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ትልቁን ጎርፍ ነው። እኔ የደመሰስሁት ያንኑ ነው።

ይህም ነገር የአንድ ወንዝ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ደጋ የሚወርደውን መገጭን እንውሰድ። በአዘዞ አጠገብ ባለው መለኪያ በኩል የሚያልፈው ውሃ 462 ካሬ ኪሎሜትር ከሚሆን አገር የሚሰበሰብ ነው። ግልገል ዐባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ የጣና ዋና ዋና ገባሮች ናቸው። የአራቱም መለኪያዎች የሚያዩት አገር ቢደመር ወደ 5,100 ካሬ ኪሎሜትር ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያለው የተፋሰሱ መሬት ግን ወደ 12,000 ይጠጋል። የቀረውን ያሰላነው በምናውቀው ተመሥርተን ነው። የምናውቀው ትንሽ በሆነ መጠን፥ ያችው ትንሿ ንጹሕ መሆን ይገባታል።

ስለ ደለልም አንድ ቃል ልጨምር። የጎንደርን ከተማ ውሃ ለማጠጣት የተሠራው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። በደጋ ወንዝ አብዛኛው አፈር የሚወርደው በዓመቱ ውስጥ ባሉ ጥቂት የጎርፍ ሰዓቶች ነው። ጎርፉ በሌሊት አልፎ ጧት የተረጋጋ ውሃ በጠርሙስ የሚቀዳ ሰው፥ ወንዙ የሚሸከመውን አፈር አሳንሶ ይገምታል። አሳንሶ በተገመተ ደለል የታቀደ ግድብም ዕድሜው ከታሰበለት ያጥራል። ውሃ ጠፍቶ እናቶች ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ፥ ከሰልፉ ጀርባ የአለካክ ስሕተትም ሊኖር እንደሚችል እናስብ።

ከጥፋቴ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ዘጠኙ ቀን በእኔ የተሞላ መሆኑን ገልጬ፥ ቦታው ባዶ እንዲደረግ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍሁ። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡን ከዚያ በፊት ስንት ሰው እንደ ገለበጠው አላውቅም። የሐሰት ቁጥር እንደ ወፍ ነው፤ ከእጅ ከወጣ በኋላ አይሰበሰብም። ባዶ ቦታ ግን ሐቀኛ ነው፤ «ይህን አላየሁም» ብሎ ይናገራል። የሚመጣው ሰው ባዶውን ሲያይ ይጠነቀቃል፤ የተሞላውን ሲያይ ግን ያምናል።

በከተማችንም በዚህ ረገድ አንድ የቆየ ምሳሌ አለ። በ1762 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770) ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ፥ ቴርሞሜትር፥ ባሮሜትርና የዝናብ መለኪያ ይዞ ነበር። በጎንደርና ኋላም በቁስቋም የዘነበውን ዝናብ እየለካ ጻፈ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1790 ታተመ። መሣሪያዎቹ ከዛሬው ሲነጻጸሩ ደካሞች ናቸው። ነገር ግን ቀኑንና ቦታውን ለይቶ ስለ ጻፈ፥ ከ250 ዓመት በኋላም ቁጥሮቹን አንሥቶ መመርመር ይቻላል። የእኛን የመመረቂያ ሥራዎች ከዐሥር ዓመት በኋላ አንሥቶ መመርመር የሚችል ሰው ይገኝ ይሆን? ሴንሰሩ በምን ተመዘነ፥ የት ቆመ፥ ማን አነበበው ተብሎ ካልተጻፈ አይቻልም።

ከሽማግሌው ጋር ከተነጋገርን በኋላ የመመረቂያ ሥራችንን ለወጥነው። ሴንሰሩን አልጣልነውም፤ ሁለተኛውን ሴንሰር በአየር ላይ ጨመርንለት። ከጎኑም አንድ ርካሽ ነገር ሠራን። በሌሎች አገሮች ከታወቀ ብዙ ዘመን የሆነው ነው። ከታች የተበሳ አንድ ቱቦ፥ በውስጡ ቀጥ ያለ በትር፥ ከበትሩም ግርጌ ጥቂት የተፈጨ ቡሽ ይደረጋል። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በቱቦው ውስጥ ይነሣል፤ ቡሹም አብሮት ይንሳፈፋል። ውሃው ሲወርድ ግን ቡሹ ከበትሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ የደረሰበትን ከፍታም ያመለክታል። ባትሪ የለው፤ የሚቃጠል ሽቦ የለው። ጧት በትሩን አውጥቶ ማንበብና በጨርቅ መጥረግ ብቻ ነው። በደብተሩም ላይ «በሌሊት የደረሰበት» የሚል አንድ ዓምድ፥ ከዚያም ቀጥሎ «ሌላ የታየ ነገር» የሚል ሰፊ ዓምድ ጨመርን። ለሽማግሌው ባሳየናቸው ጊዜ በትሩን ከላይ እስከ ታች አይተው፥ «አሁን ለጭራሮው ቦታ ተገኘለት፤» አሉን። በትምህርት ዘመኔ ካገኘሁት ማርክ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ አራት ነው።

አንደኛ፤ በቤተ ሙከራችን ላለ ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ደብተር ይኑረው። መቼ ተመረመረ፥ ከምን ጋር ተስተያየ፥ ስንት አሳሳተ፥ ማን መረመረው የሚለው ይጻፍበት። መሣሪያ እንደ ሰው ነው፤ ሲውል ሲያድር ጠባዩ ይለወጣል።

ሁለተኛ፤ በግቢያችን የዝናብ መለኪያ እንትከል፤ በዓልም ቢሆን በየቀኑ ጧት በ3 ሰዓት ይነበብ። ከባሕር ዛፉም ይራቅ፤ የዛፉን ቁመት ቢያንስ እጥፍ ያህል። ዛፉ 15 ሜትር ከሆነ መለኪያው ከ30 ሜትር አይቅረብ። በራሱ የሚቆጥረውን መሣሪያ ከተከልን፥ ከጎኑ ተራውን ጣሳ አናንሳ። ባለ ሁለት ማንኪያው መሣሪያ አንዱ ማንኪያ ሞልቶ በተገለበጠ ቁጥር አንድ ይቆጥራል። ዶፍ ሲወርድ ግን በመገለባበጡ መካከል የሚያመልጠው ውሃ አለ፤ ቅጠልና የሸረሪት ድርም ይዘጋዋል። የሚከሰው ጣሳው ነው።

ሦስተኛ፤ ባዶ ቦታ ባዶ ይሁን። በግምት የሞላ ካለ በቀይ ቀለም ይጻፍ፤ ግምት መሆኑም ይነገር።

አራተኛው ልመና ነው። ክረምቱ ሊገባ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እኛ ወደ የአገራችን እንበተናለን፤ ዝናቡ ሲመጣ እኛ እንሄዳለን። በአገሩ ከሁሉ የበለጠ የሚለካ ነገር ባለበት ወራት ቤተ ሙከራችን ቁልፍ ነው። ሽማግሌውም እንደ አምናው ቢታመሙ ደብተሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ቤታችሁ በፀዳ፥ በአዘዞ ወይም በማክሰኝት አካባቢ የሆነ አምስት ተማሪዎች እፈልጋለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ተራ ገብታችሁ ከሽማግሌው ጋር በትሩን እንድታነቡ ነው። ደመወዝ የለውም። ጭቃ አለው፤ ብርድም አለው። እኔ የመጀመሪያው ነኝ፤ አራት ቀረ።

አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። ከእንግዲህ ጥቂት ዓመት በኋላ ከመካከላችን ድልድይ የሚሠራ፥ ግድብ የሚያቅድ፥ መድኃኒት የሚመዝን ይወጣል። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ባዘጋጀው ሠንጠረዥ ላይ እንተማመናለን፤ በሠራነውም ድልድይ ላይ ሰው ይሻገራል። ዛሬ በደብተራችን ላይ የምንጽፈው፥ ያን ጊዜ የምንሰፈርበት ቁና ነው።

ለመመዝገብ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ በር ላይ አገኛችኋለሁ።